ጨው፣ ስኳርና የደጋ ብርድ፦ ከልጆች ጋር ክሪስታል ማብቀል

ለልጅ የሳይንስ ሥራ ሲታዘዝ ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚያስበው ዕቃ መግዛት ነው። ላብራቶሪ የለም፣ ኬሚካል የለም፣ ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይሆንም ይባላል። ክሪስታል ማብቀል ግን ከጓዳ የማይወጣ ሥራ ነው። ጨው፣ ውሃ፣ ክርና አንድ ጠርሙስ ካለ ይበቃል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ልጁ የሚያየው ነገር ግን እውነተኛ ኬሚስትሪ ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ሰሜን ሸዋ ላሉ ወላጆችና መምህራን ነው። ምክንያት አለኝ። አብዛኞቹ መመሪያዎች ማቀዝቀዣ ባለበትና ሙቀቱ ቀኑን ሙሉ በማይለዋወጥ ቤት ታስበው የተጻፉ ናቸው። ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ያለ ቤት እንደዚያ አይደለም። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያለ ቤትም አይደለም። የክሪስታልን እድገት ደግሞ የአየሩ ጠባይ ይወስነዋል። ደጋና ቆላ ያለ ሰው አንድ መመሪያ ይዞ አንድ ዓይነት ውጤት አያገኝም። ይህን ካወቃችሁ ብርዱም ሙቀቱም ለእናንተ ይሠራል።

መጀመሪያ ለልጁ የምታስረዱት

ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም። ለዓይን የማይታይ ቅንጣት ሆኖ ውሃው ውስጥ ተበትኗል። ልጁ ጣቱን ነክሮ ቢቀምስ ያረጋግጣል። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ቅንጣቶቹ ቦታ ይጠባቸዋል። ያኔ እርስ በርስ እየተያያዙ በሥርዓት ይደረደራሉ። ይህ በሥርዓት የተደረደረ ጠጣር ነገር ነው ክሪስታል የሚባለው።

መንዝ ውስጥ ካብ ሲካብ ያየ ልጅ ቀሪው ቶሎ ይገባዋል። ካቢው ድንጋዩን እያገላበጠ፣ ልኩን ቦታ እየፈለገ ካስቀመጠ ካቡ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቸኩሎ ከጣለው ክምር ይሆናል። ቅንጣቶቹም ጊዜ ካገኙ ትልቅ፣ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ስል የሆነ ክሪስታል ይሠራሉ። ከተጣደፉ የሚወጣው ደቃቅና ዝብርቅርቅ ነው። ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የመጣ ነው።

እያንዳንዱ ነገር የራሱ መልክ አለው። ጨው በነጻነት ካደገ ኩብ ይሆናል፤ ጨው የተሠራባቸው ሶዲየምና ክሎራይድ የሚባሉ ቅንጣቶች ተራ በተራ እየተፈራረቁ በቀጥተኛ ማዕዘን ስለሚደረደሩ ነው። ስኳር ዘመም ያለ ባለ ብዙ ገጽ ቅርጽ ይይዛል። በረዶ ደግሞ ስድስት ማዕዘን ይወዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደጋው ላይ ሣሩን አንጥቶ የሚታየው ውርጭ ራሱ ክሪስታል ነው። አየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ በረዶ ሲለወጥ የሚሠራ ነው። ውርጭ ለገበሬው ጠላት ነው፤ ባቄላውን አቃጥሎት ያድራል። ልጁ ግን ፀሐይ ሳይነካው በፊት ቀርቦ ቢያየው ጥቃቅን መርፌና ላባ የሚመስሉ ቅርጾች ያገኛል። የስልክ ካሜራ አጉልቶ ማንሳት ይችላል። ጠርሙስ ሳይነካ የመጀመሪያ ትምህርቱን አገኘ ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፦ "የመዘዞው ኦፓልስ?" ከመዘዞ አካባቢ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የወጣው ኦፓል የሰሜን ሸዋን ስም በከበሩ ድንጋዮች ገበያ አስጠርቷል። ግን ኦፓል ክሪስታል አይደለም። በጣም ጥቃቅን የሲሊካ (አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ማዕድን) ድቡልቡሎች ተደራርበው የሠሩት ነው፤ ውስጡም ውሃ አለ። ድቡልቡሎቹ በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃኑን ይከፋፍሉትና ያን የሚያምር የቀለም ጨዋታ ያሳያሉ። እያንዳንዱ ድቡልቡል ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ግን እንደ ጨው ሥርዓት የላቸውም። ይህን ልዩነት ለክፍሉ የሚያስረዳ ተማሪ ጥሩ ነጥብ ይገባዋል።

ምን ያስፈልጋል?

ጨው ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል። አዮዲን ያለበትም ይሠራል። ጠጠር ጨው ከሆነ አፈርና አቧራ ስለሚኖረው ውሃውን ማጥለል ግድ ነው። የማርማላታ ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ ጠርሙስ አፉ ሰፊ ስለሆነ ምርጥ ነው። ብርሌ ያምራል፣ ውስጡም ይታያል፤ ግን አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ያደገው ክሪስታል አይወጣም። ጠፍጣፋ ሰሃን፣ የሾርባ ማንኪያ፣ ወረንጦ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ደብተር አዘጋጁ። ማጥለያው ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወይም ጥጥ ሊሆን ይችላል።

ክሩን በጥንቃቄ ምረጡ። ብዙ ሰው ያገኘውን የስፌት ክር ይነክራል። ክር ግን ሥራውን ይወስነዋል። ፀጉራም ክር ላይ ብዙ ክሪስታል ይያዛል፤ እያንዳንዷ ፀጉር መነሻ ትሆናለች። ስለዚህ ለስኳር እጅ የፈተለው የጥጥ ፈትል ወይም ባና የሚሠራበት የመንዝ በግ ፀጉር ክር ጥሩ ነው። አንድ ትልቅ ነጠላ ክሪስታል ስትፈልጉ ግን ለስላሳና ቀጭን ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ የማሲንቆ ጅማት የሚሠራበትን የፈረስ ጭራ እመርጣለሁ። አንዷ ፀጉር ብቻ ትበቃለች። ለስላሳ ናት፣ አትበጠስም፣ ደጋው ላይ ፈረስ ያለው ጎረቤት አይጠፋም። ካልተገኘ ቀጭን የናይለን ክር ይሆናል።

የጨው ክሪስታል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ

በጨው ጀምሩ። ርካሽ ነው፣ ለልጅ አስጊ አይደለም፣ ቅርጹም ግልጽ ነው።

1ኛ. ሩብ ሊትር ውሃ አፍሉ። ማፍላቱና መቅዳቱ የአዋቂ ሥራ ነው። ልጁ ጨው ይስፈር፣ ያማስል፣ ይጻፍ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ቴርሞሜትር ካለው ልጁ ራሱ ይለካው። ለጨዉ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

2ኛ. ጨዉን በማንኪያ እየጨመራችሁ አማስሉ። ሩብ ሊትር ውሃ የሚይዘው ወደ 90 ግራም ነው፤ 5 የሾርባ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። አልሟሟ ያለ ጨው ከታች ሲቀር ውሃው ጠግቧል። ትንሽ ትርፍ ጨው ሥሩ ላይ ይቅር።

3ኛ. ጠርሙሱን ሸፍናችሁ አሳድሩት። አፈሩ ይዘቅጣል፣ ውሃውም የክፍሉን ሙቀት ይይዛል።

4ኛ. ጠዋት ከላይ ያለውን የጠራ ውሃ ቀስ ብላችሁ በጨርቅ አጥልሉ። ዝቃጩ አይከተል። ደመና የሚመስል ነገር ካለ ደግማችሁ አጥልሉ። ይህን ደረጃ አትዝለሉ። አንዲት የአቧራ ቅንጣት የአንድ ያልተፈለገ ክሪስታል መነሻ ናት።

5ኛ. ከተጠለለው ውሃ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት እስኪኖረው ሰሃን ላይ ቅዱ። ቀሪውን ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በኋላ ታስፈልጋችኋለች።

6ኛ. ሰሃኑን ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው፣ ማንም የማይነካው ቦታ አስቀምጡ። አቧራ እንዳይገባ ወረቀት ወይም ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ከዚያ አትንኩት። ይህ ለልጅ ከባዱ ክፍል ነው። ስለዚህ ማየት እንጂ መንካት የማይቻልበትን ሰዓት ከልጁ ጋር ተስማሙ፤ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ።

በበጋ ደረቅ አየር በሁለት ሦስት ቀን ሰሃኑ ወለል ላይ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። የእጅ ባትሪ ከጎን ስታበሩባቸው ያብለጨልጫሉ። ልጁ ያያትን ይሣል፣ በማስመሪያ ይለካ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ።

"ለምን በቀላሉ አናቀዘቅዘውም?" ለሚል ልጅ መልሱ ይኸውና። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 20 ዲግሪ ላይ 36 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። 100 ዲግሪ ላይ ቢሆን እንኳ የሚይዘው 39 ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ በማቀዝቀዝ ብቻ የሚወጣው ጨው እዚህ ግባ አይባልም። ጨው የሚፈልገው ውሃው እንዲተንለት ነው። የአፍዴራ ጨው የሚመረተውም በዚሁ መንገድ ነው፤ የሐይቁ ጨዋማ ውሃ ሰፋፊ ኩሬ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ያተነዋል። ልጁ ሰሃኑ ላይ የሠራው ትንሽ አፍዴራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንኮበር ሥር ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ሲደራ እንደ ገንዘብ ይሠራበት የነበረው አሞሌም ከአፋር በረሃ የመጣ ጨው ነበር። የታሪክና የሳይንስ መምህራን አንድ ላይ ሊያስተምሩት የሚችሉት ርእስ ነው።

አንድ ትልቅ፣ ጥርት ያለ ክሪስታል

ሰሃኑ ላይ ካደጉት መካከል አንዱን ምረጡ። ትልቁን ሳይሆን ጥሩውን ምረጡ። ጠርዙ ያልተሸረፈ፣ ከሌላ ጋር ያልተጣበቀ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ መሆን አለበት። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይበቃል። ዘር የምንለው ይህን ነው። በወረንጦ አንሱት፣ በጣት አትንኩት፤ የጣት ቅባት ይጎዳዋል። ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ አድርቁት።

የፈረስ ጭራውን ዙሪያውን አዙራችሁ ቋጥሩ። እጅ የሚፈትን ሥራ ነው። ለትንሽ ልጅ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ትርዳው። የፀጉሩን ሌላ ጫፍ እርሳስ ላይ እሰሩና እርሳሱን በጠርሙሱ አፍ ላይ አጋድሙት። ዘሩ መሃል ላይ ይንጠልጠል፤ ወለሉንም ግድግዳውንም አይንካ።

ውሃው ቀድሞ የተጠለለው፣ የጠገበው ውሃ ይሁን። ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በእርግጥ የጠገበ መሆን አለበት። ካልጠገበ ዘሩን ራሱን ያሟሟዋል፤ ልጁ ጠዋት ሲመጣ ባዶ ፀጉር ያገኛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ትንሽ የጨው ፍሬ ጣል አድርጉበት። በማግስቱ ካለች ውሃው ጠግቧል። ከዚያ ፍሬዋን አውጥታችሁ ዘሩን አስገቡ።

አሁን ትነቱን ማዘግየት ነው። የጠርሙሱን አፍ በወረቀት ሸፍኑና በክር እሰሩት፤ መርፌ ወስዳችሁ ጥቂት ቀዳዳ ብሱ። ቀዳዳው ባነሰ ቁጥር እድገቱ ይዘገያል፣ ክሪስታሉም ይጠራል። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ ወይም ሌላ ሞቃት ቦታ ያላችሁ ቀዳዳውን በጣም አሳንሱት። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ትንሽ ማብዛት ትችላላችሁ።

ጠርሙሱን የት ታስቀምጡታላችሁ? የደጋ ቤት ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል። ይህ መዋዠቅ ለጨው ብዙ አይጎዳም። አሉም የሚባለውን ሌላ ጨው መሰል ነገር ለሚያበቅል ሰው ግን ትልቅ ጣጣ ነው፤ ሌሊት ያደገው ቀን ይሟሟል፣ ላዩም ይጎረብጣል። መፍትሔው ቁምሳጥን ውስጥ ማስቀመጥና ጠርሙሱን አሮጌ ጋቢ መጠቅለል ነው። አሉም ከትምህርት ቤት ላብራቶሪ ከተገኘ ከጨው ይልቅ ቶሎ ያድጋል፤ ሁለት ፒራሚድ በመሠረታቸው የተጋጠሙ የሚመስል ባለ ስምንት ገጽ ቅርጽ ይሰጣል። ሥራው ከላይ እንደተጻፈው ነው። የሚበላ ስላልሆነ ልጁ ከሠራ በኋላ እጁን ይታጠብ።

በየጊዜው ጠርሙሱን ተመልከቱ። ወለሉ ላይ ሌሎች ክሪስታሎች መብቀል ከጀመሩ የዋናውን ምግብ ይሻሙታል። ዘሩን አውጡ፣ ውሃውን ወደ ሌላ ንጹሕ ጠርሙስ አጥልላችሁ ገልብጡ፣ ዘሩን መልሱ። ቋጠሮው ክሪስታሉ ውስጥ እየተዋጠ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል። ጨው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሳምንታት ይፈጃል። በጥቅምት የጀመረ ልጅ ለመንፈቅ ዓመቱ መዝጊያ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ስኳር፣ የሚበላው ክሪስታል

ስኳር ውድ ነው። ስለዚህ በትንሹ ሥሩት። 100 ሚሊ ሊትር ውሃና 280 ግራም ያህል ስኳር ይበቃል። ስኳር ከጨው የተለየ ጠባይ አለው። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው እጅግ የሚበልጥ ስኳር ይይዛል፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 20 ዲግሪ ላይ 200 ግራም ገደማ ከያዘ፣ ሲፈላ የሚይዘው ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። ሲቀዘቅዝ ትርፉ መውጫ ይፈልጋል።

ውሃውን ለብ አድርጉ፣ ስኳሩን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፣ እሳቱን አሳንሳችሁ እያማሰላችሁ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ። አንድም ፍሬ አይቅር። ይህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዋቂ ይሥራው። ሙቅ ሽሮፕ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከፈላ ውሃ ይልቅ ይጎዳል። አውርዱትና እጅ እስኪችለው ይቀዝቅዝ።

ፈትሉን ቀድማችሁ ሽሮፑ ውስጥ ንከሩ፣ ደረቅ ስኳር ላይ አንከባሉ፣ ሌሊቱን ይድረቅ። የተጣበቁት ፍሬዎች ዘር ይሆናሉ። ከዚያ ጫፉ ላይ ንጹሕ ቁልፍ አስራችሁ የቀዘቀዘው ሽሮፕ ውስጥ ስቀሉት። አፉን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ጉንዳንና ዝንብ ወዳጁ ነው። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ፈትሉ በሚያብረቀርቁ እንክብሎች ይሸፈናል። ላዩ ላይ የስኳር ቅርፊት ከሠራ በማንኪያ ቀስ ብላችሁ ስበሩትና አውጡት። ክሪስታሉን አጠብ አድርጋችሁ አድርቁና ልጁ ይብላው። የተረፈው ሽሮፕ ለሻይ ይሆናል፤ ምንም አይጣልም።

የደጋ ብርድ ሲያግዝ

አንዳንድ ፋርማሲ ማግኒዚየም ሰልፌት ይሸጣል፤ ኤፕሰም ሶልት የሚባለው ነው። ካገኛችሁት ትዕግሥት ለሚያጣ ልጅ ከዚህ የተሻለ የለም። በአንድ ሌሊት ይደርሳል።

ከፔርሙስ ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ቅዱ፣ ግማሽ ብርጭቆ ማግኒዚየም ሰልፌት ጨምሩ፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ አማስሉ። ትንሽ ሳይሟሟ ቢቀር ግድ የለም። ልጁ ቀለም ከወደደ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉ። ብርጭቆው እጅ እስኪችለው ድረስ ቤት ውስጥ ይቆይ፤ ትኩስ ብርጭቆ ብርድ ላይ ድንገት ቢወጣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ደፍ ላይ አሳድሩት። የደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይወርዳል። ሌላው ሰው ማቀዝቀዣ የሚፈልግበትን ሥራ በረንዳው ይሠራዋል። ጠዋት ብርጭቆው በቀጫጭን መርፌዎች ተሞልቶ ይገኛል። የቀረውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ድፉትና መርፌዎቹን አሳዩት። ይህ የሚበላ አይደለም፤ ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው። ብርጭቆውን ለይታችሁ ያዙ።

ሰማያዊውን የመዳብ ሰልፌት አትሞክሩ። ቪዲዮ ላይ እጅግ ያምራል፣ ልጆችም ይጠይቃሉ። መርዛማ ስለሆነ ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ቦታ የለውም። ቦራክስ የሚባለው ነጭ ዱቄትም እንዲሁ ይቅር።

ለትናንሾቹ፦ የከሰል አበባ

መጻፍና መለካት ያልጀመረ ልጅ ቢያስቸግራችሁ ይህን ስጡት። ጥቂት ያልነደደ ከሰል ጥልቀት ያለው ሰሃን ላይ ደርድሩ። በጨው የጠገበ ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ አቼቶ ጨምሩና የከሰሉ ግማሽ እስኪጠልቅ አፍስሱ። ከሰሉ ባለ ብዙ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። ውሃው ጫፉ ላይ ሲደርቅ ጨዉ ነጭ ሆኖ ያብባል። እንስራ ላይ በውጭ በኩል የሚወጣው ነጭ ነገርም በተመሳሳይ መንገድ የሚመጣ ነው። ውሃው ሲያልቅ ጨምሩበት።

ከሥራ ወደ ሳይንስ

የሚያምር ክሪስታል ይዞ ክፍል መግባት ጥሩ ነው። ጥያቄ ይዞ መግባት ግን ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ሌላውን ሁሉ አንድ አድርጉ። ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ የጨው ውሃ፣ ሁለት ተመሳሳይ ሰሃን፣ አንዱ ፀሐይ ላይ፣ አንዱ ጥላ ውስጥ። የትኛው ቶሎ ደረሰ? የትኛው ትልቅ ሆነ? ብዙ ጊዜ ቶሎ የደረሰው ደቃቅ፣ የዘገየው ትልቅ ይሆናል። ልጁ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ደብተር ያነበዋል።

የሰሜን ሸዋ ልጅ ደግሞ ሌላው የሌለው ዕድል አለው። ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት አንድ መንገድ ላይ ናቸው። በመሃላቸው የጣርማ በር ቁልቁለት ብቻ ነው፤ የከፍታ ልዩነታቸው ግን ወደ 1,500 ሜትር ነው። ሸዋ ሮቢት አክስት ያለችው ልጅ ግማሹን የጨው ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይላክላት። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ተመሳሳይ ሰሃን ላይ፣ በተመሳሳይ መጠን ይቅዱት። ማታ ማታ ይደዋወሉ፦ "አክስቴ፣ ዛሬ ስንት ሚሊ ሜትር ደረሰ?" ፎቶ ይላላኩ። ቆላው ሰሃን ቀድሞ ይደርቃል ብዬ እጠብቃለሁ። ልጁም ውጤቱ ሳይታይ በፊት ግምቱን ይጻፍ። ግምቱ ከተሳሳተ አይሰርዘው፤ ለምን እንደተሳሳተ ሥሩ ላይ ይጻፍ።

ወቅቱንም አስቡበት። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ አየር ለጨው ተስማሚ ነው። በበልግ ዝናብ ይዘገያል። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሰሃኑ ለሳምንታት ሳይደርቅ ሊቆይ ይችላል። በክረምት ማግኒዚየም ሰልፌትና ስኳር ይሻላሉ።

ሲበላሽ

ምንም ካልበቀለ ውሃው አልጠገበም። አሙቁት፣ ጨው ጨምሩ፣ እንደገና ጀምሩ። ብዙ ደቃቅ ነገር ከሆነ ትነቱ ፈጥኗል፤ ቀዳዳውን አሳንሱ፣ ከፀሐይ አርቁ። ክሪስታሉ ነጭና ደመናማ ከሆነ ወይ ፈጥኗል ወይ ውሃው ቆሻሻ ነበረው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ሲበዛበት እንዲህ ያደርጋል፤ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ካላችሁ ሞክሩት። ጨዉ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ከአፉ ከፈሰሰ ከላይ ያለውን የውስጥ ጠርዝ ስስ ቅባት ቀቡት።

የደረሰውን ክሪስታል አውጡና በውሃ ሳታጥቡ በጨርቅ አድርቁት። የጨዉን ክሪስታል ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ከጥቂት ደረቅ ሩዝ ጋር አስቀምጡት፤ ክረምት ሲመጣ እርጥበት እንዳያሟሟው። የጥፍር ቀለም፣ ቀለም የሌለውን፣ በስሱ ከቀባችሁት ይበልጥ ይቆያል። የማግኒዚየም ሰልፌቱ መርፌ ደረቅ አየር ላይ ውስጡ ያለውን ውሃ እያጣ ነጭ ዱቄት ስለሚለብስ ፎቶውን በዚያው ጠዋት አንሱ። የተረፈውን የጨው ውሃ ጓሮ አትድፉ፤ ጎመኑንም ጌሾውንም ያደርቃል። ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ አስቀምጡትና ለሚቀጥለው ሥራ ተጠቀሙበት።